የተሰነጠቀ የግራናዳ ጊታር፦ ጥሩ ጠጋኝ ጠቁሙኝ

ሰላም ወገኖች፣ ጨንቆኛል። አጎቴ ከስፔን ያመጣልኝ ክላሲካል ጊታር አለኝ። ግራናዳ ያለ አንድ ባለሙያ በእጁ የሠራው ነው። ስሙና ፊርማው በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ በሚታየው ወረቀት ላይ አለ። ፊቱ ስፕሩስ፣ ጎንና ጀርባው ሮዝውድ ከሚባሉ እንጨቶች የተሠራ ነው። ከፊቱ ሥር እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ቀጫጭን እንጨቶች አሉት፤ ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው አሠራር ነው። ድምፁን ብትሰሙት!

ችግሩ የአዲስ አበባ በጋ ነው። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ተኮማተረ፤ ክሮቹ ፊቱ ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት (ከብሪጁ) በታች ቀጭን ስንጥቅ ወጣ። ክሮቹም ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያሉትን የብረት ዘንጎች) እየነኩ ዝዝ ይላሉ።

ያሳየሁት ጠጋኝ «በሱፐር ግሉ ደፍነን ቫርኒሽ እንቀባዋለን» አለኝ። ልቤ እሺ አላለም። ቅቡ እኮ ሼላክ የሚባል የተፈጥሮ ሙጫ ነው፤ አልኮል ከነካው ይሟሟል። ወፍራም ቫርኒሽ ከተደረበበት ደግሞ ድምፁ ይታፈናል።

እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ጊታር የጠገነ ሰው ታውቃላችሁ? እስከዚያ ክሮቹን ላላላቸው? ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አስገብቼ እርጥበቱን ወደ 50 በመቶ ባደርሰው ስንጥቁ ይገጥማል ወይስ መጀመሪያ መጣበቅ አለበት? ለሠሪውም ልጽፍለት ፈልጌያለሁ፣ ስፓኒሽ ግን አልችልም። ማድሪድ ወይም ባርሴሎና ያላችሁ፣ አንድ አጭር ደብዳቤ ብትጽፉልኝ ውለታችሁ አለብኝ።