ቴስቶስትሮን እየወሰድኩ ጡቴ አበጠብኝ

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር፣ አዘዞ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 43። የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) እጥረት ተገኝቶብኝ ሐኪም ባዘዘው መሠረት በየሦስት ሳምንቱ 250 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ኢናንቴት እወጋለሁ። ጉልበቴ ተመልሷል፤ ተመስገን ነው።

ችግሩ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ነው። የግራ ጡቴ ጫፍ ሥር ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ወጥቷል፤ ሸሚዝ ሲነካው እንኳ ያመኛል። ማታ ካልሲ ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት እግሬ ላይ ሰርጉዶ ይቀራል። ሐኪሜ ዳስሶ የጡቱ ሕብረ ሕዋስ አብጦ ነው አለኝ። ከመርፌው በሦስተኛው ቀን የተወሰደው ደም ኢስትራዲዮል (ዋናው የኢስትሮጅን፣ ማለትም የሴት ሆርሞን ዓይነት) 62 ፒኮግራም በሚሊሊትር አሳየ፤ የላቦራቶሪው ጣሪያ 40 ነው።

ቴስቶስትሮን በተለይ ስብ ውስጥ፣ አሮማቴዝ በሚባል ኤንዛይም ወደ ኢስትሮጅን ይለወጣል። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ጀምሬያለሁ፤ ቢራም ትቻለሁ። እብጠቱ ግን ያው ነው። ፒያሳ ያለ ፋርማሲ አናስትሮዞል አሳየኝ፤ አሮማቴዝን አግዶ ኢስትሮጅንን የሚቀንስ የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ኢስትሮጅን ከልክ በታች ከወረደ ደግሞ የወንድንም አጥንት ያሳሳል። ለእኔ ትልቁ ስጋት እሱ ነው፤ ገና ልጆች አሳድጋለሁ።

ቀጠሮዬ ሳይደርስ ለሐኪሜ የማቀርበውን ሐሳብ ልያዝ። መርፌውን ከፋፍሎ አነስ ባለ መጠን በየሳምንቱ በመውሰድ፣ ያለ አናስትሮዞል ኢስትሮጅኑ የወረደለት ወይም እንዲህ ያለ ታካሚ ያከመ አለ?