ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑብኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነው። የእህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ ላሳትም ፍላሼን ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩ። ቤት ስመለስ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ፋይሎቹ የተደበቁ እንጂ የጠፉ አይመስለኝም፤ ፍላሹ አሁንም 6 ጊጋ እንደተያዘ ያሳያል።

ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 10 ነው። ነፃ አንቲቫይረስ ስጭን ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ራሱን አጠፋ። አዲሱ ደግሞ «ምንም የለም» ይላል፤ «ግዛኝ» እያለ መነዝነዙን ግን ይችልበታል! ሌላ ፍላሽ ስሰካም ያው ሾርትከት ይፈጠራል። ኮምፒውተሩም በቫይረስ ተይዟል ማለት ነው።

ጓደኛዬ «ሌላ አንቲቫይረስ ደርብበት» አለኝ። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጣሉ እምቢ አልኩ። አዲሱን አውጥቼ በዲፌንደር ኦፍላይን ስካን (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚደረግ ፍተሻ) ላድርግ? ወይስ መጀመሪያ የተደበቁትን ፋይሎች ላውጣ? እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ፣ ረቡዕ ማስረከቢያዋ ነው።