ምስጢሩ ቶሎ ተነቃብኝ፤ ልብ ወለዴን እንዴት ላስተካክለው?

ብዕረኛዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምርመራ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ አርጀንቲና ውስጥ ነው። እዚያ ከ1976 እስከ 1983 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የገዛው ወታደራዊ መንግሥት እርጉዝ እስረኞችን እስኪወልዱ ያቆይና ይገድላቸው ነበር። ሕፃናቱ ለወታደሮችና ለወዳጆቻቸው ይሰጡ ነበር። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በ1977 የተወለደች ናት። አባቷ ሲሞት ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ነገሩ ይገለጥላታል። ችግሩ፣ ረቂቁን ያነበቡልኝ ሁሉ መሐል ሳይደርሱ "ልጃቸው አይደለችም" ብለው ነቁብኝ። ምን ይሻለኛል?

የሌሊት አንባቢ፦ ይንቁ እህቴ! እንዲህ ያለ መጽሐፍ የያዘ ሰው ይህን መጠርጠሩ አይቀርም። እንዲያውም አንደኛው ምዕራፍ ላይ አፍርጪው። ከዚያ ጥያቄው "ማን ያውቅ ነበር?" ይሁን። አክስቷ? ጎረቤቷ? በየልደቷ ስጦታ ይዞ የሚመጣው የቤተሰቡ ሐኪም የልደት ወረቀቷ ላይ የፈረመው ሰው ሆኖ ቢገኝስ? አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ገጽ መግለጡ አይቀርም። በእውነተኛው ታሪክም የሐሰት የልደት ወረቀት የፈረሙ ሐኪሞች ነበሩ።

ነርሷ፦ በሕክምናው በኩል እኔ ልርዳሽ። የደም ዓይነት ጥሩ ፍንጭ ነው። ያሳደገቻት እናት ኦ ከሆነች፣ እጅግ ብርቅ ከሆነ አጋጣሚ በቀር የሥጋ ልጇ ኤቢ አትሆንም። ግን ሁለቱን አንድ ቦታ እንዳታመጪያቸው። እናትየው ለቀዶ ጥገና ስትገባ ካርዷ ላይ "ኦ" ተብሎ ይጻፍ፤ ያን ሰዓት አንባቢው ልቡ በቀዶ ጥገናው ጭንቀት ላይ ይሁን። ልጅቷ ደግሞ ብዙ ገጽ ቆይቶ ደም ስትለግስ ኤቢ ትባል። ማንም ምንም አያስረዳ።

ማረጋገጫው ግን ዲኤንኤ ነው። የወለዷት ባይገኙም፣ በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከወላጅ እናቷ እናት ጋር ያገናኛታል። አርጀንቲና ለዚሁ ጉዳይ በ1987 ብሔራዊ የዘረመል ባንክ አቋቁማለች። አያትየው ብትሞት እንኳ የሰጠችው ደም እዚያ ይጠብቃታል። እኔ ብሆን መጽሐፉን በዚህ ላይ ነበር የምገነባው።

የታሪክ መምህር፦ አያቶቹን እንዳትረሺ። የተወሰዱ የልጅ ልጆቻቸውን የሚፈልጉት የፕላዛ ዴ ማዮ አያቶች በ1977፣ ገዥዎቹ ሥልጣን ላይ እያሉ ነው የተደራጁት። የተወሰዱትን ልጆች ወደ 500 ይገምቷቸዋል፤ ከ130 በላይ ተገኝተዋል። አምባገነኑ ቪዴላ ለዚህ ወንጀል 50 ዓመት የተፈረደበት በ2012 ነው። ሐኪሙ ፍርድ ቤትን ምን ያህል እንደሚፈራ በታሪክሽ ዓመት ይወሰናል። ዓመቱን ሳትወስኚ አንድ ምዕራፍ አትጻፊ።

ሌላው፣ የተገደለችው እናት ፍንጭ ብቻ ሆና አትቅር። ስም ይኑራት፤ ምን እንደምታጠና፣ በምን እንደምትናደድ እንወቅ። ስቃይዋን አንባቢ ለማስደንገጥ ብቻ መጻፍ ያሳዝነኛል።

ብዕረኛዋ፦ ተባረኩ! ሐኪሙን ወስጃለሁ። ያሳደጋትን አባትስ ክፉ ላድርገው?

የሌሊት አንባቢ፦ በፍጹም። ትወደው፤ እኛም እንውደደው። ግን ማወቁን የሚያሳብቅ አንድ ልማድ ስጪው። ለምሳሌ የበር ደወል በተጫነ ቁጥር ማንንም ሳያስቀድም እሱ ይነሳ፤ በሩንም በጠባቡ ይክፈት። መጀመሪያ ላይ ጠንቃቃ አባት ይመስለናል። ምክንያቱን ራሷ ትድረስበት፣ አንቺ አትንገሪን።