በቻይና ባህላዊ ቀለም ዘመናዊ የእንስሳት ሥዕል ሲሣል መስመሩ ሕይወት እንዳያጣ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦
የውሃ ወፎችን በቻይና ቀለምና ብሩሽ እየሣልሁ፣ አካላቸውን ነገሮችን ወደ ማዕዘናዊ ቅርጾች ሰባብሮ እንደሚያሳየው የአውሮፓ ስልት፣ እንደ ኪዩቢዝም፣ ሠዓሊያን ወደ ሦስት ማዕዘንና ግማሽ ክብ ለመቀየር እሞክራለሁ። ይሁን እንጂ ቅርጹን አስቀድሜ በእርሳስ ነድፌ በቀለም ስከተለው መስመሩ ሕይወት ያጣል፤ ንድፉን ትቼ ስሥል ደግሞ የተለመደው የጥንቱ ሥዕል ሆኖ ይወጣል። ሁለቱን ያስታረቀ ሰው ቢያስረዳኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰውና እ.ኤ.አ. በ1928 በቻይናዋ ሃንግጆው ከተማ የተከፈተውን የሥነ ጥበብ አካዳሚ የመራው ቻይናዊው ሠዓሊ ሊን ፌንግሚየን፣ በቻይና ሥዕል የተለመደውን ረጅም ጥቅልል ወረቀት ትቶ እኩል ጎን ባለው ወረቀት ላይ ይሥል ነበር። በእኔ እይታ የሥዕሎቹ ዘመናዊነት በዋናነት ከወፎቹ አካል ይልቅ ወረቀቱ በተከፋፈለበት መንገድ ላይ ይታያል፤ ወፎቹማ በፈጣን ብሩሽ የተሣሉ ናቸው። በሲንጋፖር የኖረው ሠዓሊ ቼን ዌን ሺ (1906–1991) ግን የወፎቹን አካል ጭምር ወደ ማዕዘን ሰባብሯል። እርሱ ጊቦን የተባሉትን ጅራት የሌላቸው ዝንጀሮዎች በቤቱ ያሳድግና እንቅስቃሴያቸውን ያጠና ስለነበር፣ ማዕዘኑ የመጣው እንስሳውን ጠንቅቆ ከማወቅ ይመስለኛል።

መልስ 2፦
ችግሩ እርሳሱ ላይ ነው። ሙጫ ያልተቀባ የሹዋን ወረቀት (የቻይና ባህላዊ የሥዕል ወረቀት) ቀለሙን ወዲያውኑ ስለሚመጥ፣ ንድፍ ለመከተል ያመነታ ብሩሽ በቆመበት ሁሉ ጠቃጠቆ ይጥላል፤ በአንጻሩ ሳያመነታ ያለፈው ጠርዙ ጥርት ይላል። ብሩሹን በውሃ አርሰው ጫፉን ብቻ ወፍራም ቀለም ያስነኩት፤ ከዚያም አጋድመው በአንድ ትንፋሽ ይጎትቱት። በአንዱ ጠርዝ ጠቁሮ በሌላው የሚደበዝዝ፣ መጨረሻው የሾለ ሦስት ማዕዘን ያገኛሉ፤ ክንፉ ያ ነው። ቅርጹን ግን አስቀድመው በሌላ ወረቀት ላይ እጅዎ እስኪለምደው ድረስ ደጋግመው ይሣሉት።

መልስ 3፦
በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ብዙዎች የቻይናዊውን ሠዓሊ የሹ ቤይሆንግን የፈረስ ሥዕሎች የዚህ የቻይናና የአውሮፓ ዘመናዊ ሥዕል ቅይጥ ምሳሌ አድርገው ያቀርባሉ፤ እርሱ ግን ከአውሮፓ የወሰደው የአካል አወቃቀር ጥናትን ነው፤ የፈረንሳይ ዘመናዊ ሠዓሊያን የሆኑትን እነ ሴዛንንና ማቲስንም እ.ኤ.አ. በ1929 በይፋ ተቃውሟል። ለእርስዎ ዓላማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ሠዓሊ ባዳ ሻንረን ይበልጥ ይቀርባል፤ ባዶ ወረቀት ላይ ብቻዋን የተሣለች ዓሣው፣ ውሃው በአንዲት መስመር እንኳ ሳይሣል፣ ስትዋኝ ትታያለች።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ብሩሹን አጋድሜ ስጎትት ክንፉ በሦስተኛው ሙከራ መጣልኝ፤ አሁን የሚያስቸግረኝ አንገቱ ብቻ ነው።