ወንድሜ ካህን ነው፤ የነገረኝን ምሥጢር ምን ላድርገው?

የጅሬን ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን አልጽፍም፣ የሱንም አልጽፍም፣ የትኛው ቁምስና (አጥቢያ) ነው ብላችሁም አትጠይቁኝ። የጅማ ካቶሊክ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው እሁድ ቅዳሴ ከቀረ ለምን እንደቀረ ምሳ ሳይቀርብ ተወርቶ ያልቃል።

ታናሽ ወንድሜ ካህን ነው። አሁን ውጭ አገር ተልኮ እየተማረ ነው። ክረምት ላይ መጥቶ ሦስት ሳምንት ቤት ነበር። ዘራችን ከከፋ ነው፤ እናቴ ካቶሊክነታችንን የምትቆጥረው ከአቡነ ማስያስ፣ ድሮ ከመጡት ሚስዮናዊ፣ ጀምራ ነው፣ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እሷ ግን ሰውየው ትናንት በደጃችን ያለፈ ነው የሚመስላት። እንግዲህ ልጇ ሲቀስ ምን እንደሆነች ገምቱ። የወለደችውን ልጅ «አባ፣ እርስዎ» ነው የምትለው። ሲገባ ትነሳለች። እኔ አዝዬ ያሳደግኩት ስለሆነ «አንተ» እለዋለሁ፣ እሷ ደግሞ በዓይኗ ትቆጣኛለች።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ ተኝታለች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ እኛ ከሰሉ ዳር ቁጭ ብለናል። «ሰው እወዳለሁ» አለኝ። ሴት መስሎኝ ደነገጥኩ። ሰውየውም እንደሱ ካህን መሆኑን ሲነግረኝ ግን መደንገጥም አቃተኝ።

ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ማንም አያውቅም። ከነገረኝ ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድ ነገር ነው። የሰውየው አባት ሞተው ወንድሜ ቀብር ሄደ። ከሌሎቹ ካህናት ጋር ቆሞ ቀደሰ፣ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ እጁን ጨበጠው፣ በባቡር ተመለሰ። «እግዜር ያጽናህ እንኳ እንደማንኛውም ሰው ነው ያልኩት» አለኝ።

አሁን እሱ ሄዷል፣ ነገሩ እኔ ጋ ቀርቷል። ለእናቴ ልንገራት? ቤተ ክርስቲያን ብታውቅ ምን ይደርስበታል? ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በሮም እንዲህ ዓይነቱን ባርከዋል የሚባለውስ? ደግሞ እኔ ዝም ስል በኃጢአቱ ተባበርኩ ማለት ነው? ከዚያ ማታ ወዲህ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል እግሬ አልሄድ ብሎኛል። ሊሰድብ የመጣ ሰው እባካችሁ ይለፈኝ።

ሐርማታ ሰፈር፦

እህቴ አልሰድብሽም፣ ግን ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። ይህ ሰው ለሕዝብ ቆሞ ይቀድሳል። ቃል ገብቷል፣ አፍርሷል። ለጳጳሱ ተናገሪና ከእጅሽ ይውጣ። ነገ ደግሞ እንደነዚያ እንደ አሜሪካኖቹ ካህናት ሕፃናት ቢደፍር ምን ልትይ ነው?

ዘርዓ ክህነት የነበርኩ፦

እኔ ሰባት ዓመት ዘርዓ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ውስጥ ኖሬ ዲቁና ሳልደርስ የወጣሁ ነኝ። የወጣሁት ሚስት ስለፈለግኩ ነው፣ አሁን ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እዚሁ ጅማ አስተምራለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልናገር፣ ይረዝማል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ለሐርማታ። ሕፃናቱን ከዚህ አውጣቸው። የአሜሪካ ጳጳሳት ራሳቸው ያስጠኑት ጥናት አለ፣ የጆን ጄይ ኮሌጅ ሰዎች ናቸው ያጠኑት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ተመሳሳይ ጾታ የሚወድ ካህን ከሌላው የበለጠ ሕፃን ይደፍራል የሚል ማስረጃ አላገኘንም ነው ያለው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነው።

ቃል አፍርሷል ያልከው ግን ልክ ነህ፣ ያንን አልክድም። ያለማግባት ቃሉ ሴት ለሚወደውም ወንድ ለሚወደውም እኩል ነው። የኛ ጅማ ቦንጋ በላቲን ሥርዓት ነው የሚተዳደረው፣ እዚያ ደግሞ ከሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ጀምሮ፣ ከ1139 ማለት ነው፣ የቀሰሰ ሰው ጋብቻው ጋብቻ አይባልም። (አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ በግእዝ ሥርዓት ናቸው፤ በምሥራቆቹ ሕግ ያገባ ሰው መቀሰስ ይችላል፣ ግን ይኼም ሚስት ላለው ነው።) ልዩነቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ሴት የወደደ ካህን መውጫ በር አለው። ይጽፋል፣ ሮም ትፈታዋለች፣ ፈቃዱ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የራሳቸው ነው፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ሰው ያወራል፣ ግን መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተክሊል አድርጎ ያገባል፣ እናቱም አልቅሳ አልቅሳ ድግሱን ትደግሳለች። ወንድምሽ የክህነት ልብሱን ቢያወልቅም ያ በር የለውም። ወጥቶም ያው ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ባሉበት የሚቀሩት።

ሲጀመርም መግባት አልነበረበትም የሚሉ ይኖራሉ። ቫቲካን በ2005 ያወጣችው መመሪያ «ሥር የሰደደ ዝንባሌ» ያለው ሰው ዘርዓ ክህነት አይግባ ይላል፣ በ2016 ደግሞ ደግመውታል። አሁን አስቢው። አስራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ቁጭ ብሎ «እንዲህ ነኝ» ቢል ያባርሩታል፣ ስለዚህ አይልም። ገና በመጀመሪያው ቀን ዝምታ ይማራል። እኛ ጊዜ «ልዩ ወዳጅነት» የሚባል ነገር ነበር፣ ክልክል ነው። የድሮዎቹ በላቲን ነው የሚሉት፣ ትርጉሙ «ብቻህን አልፎ አልፎ፣ ሁለት ሆናችሁ በፍጹም፣ ሦስት ሆናችሁ ሁሌም» ነው። ለእግር ጉዞ ስንወጣ አንዱ ወደ ሽንት ቤት ከሄደ ሁለታችን እስኪመጣ ቆመን እንጠብቅ ነበር። ያኔ ያስቀን ነበር። ለማን እንደተጻፈ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይኼ ከውጭ ያለ ሰው የማያውቀው ነው። ካህን በዝሙት አብሮት የበደለውን ሰው በዚያ ኃጢአት ንስሐ ሊሰጠው አይችልም። ለሞት ካልደረሰ በስተቀር ቢሰጠውም ዋጋ የለውም፣ ሰጪው ደግሞ በሠራበት ሰዓት ራሱን ከቤተ ክርስቲያን ያወግዛል፣ ያንን ውግዘት የምትፈታው ሮም ናት። ስለዚህ ሁለቱ እርስ በርስ መናዘዝ አይችሉም። ሌላ ካህን ጋ ሄደው ሊናዘዙ ይችላሉ፣ ያም ምሥጢሩን እስከ መቃብር መጠበቅ ግዴታው ነው፣ ግን እሱ ራሱ ነገ አብሯቸው ገበታ የሚቀርብ ሰው ነው። የሚያውቃቸው ሁሉ ወይ አለቃ ነው ወይ ባልደረባ ነው። ወንድምሽ ከሰሉ ዳር ለምን አንቺን መረጠ? ሥልጣን የሌለሽ ሰው ስለሆንሽ ይመስለኛል።

ባርከዋል ስለተባለው፣ በታኅሣሥ 18 ቀን 2023 የወጣው ሰነድ ጋብቻ አይደለም፣ ሥርዓትም የለውም፣ ለጥንዶች አጭር ቡራኬ ነው። ለዚያውም የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ወር ሳይሞላ በጥር 2024 እኛ ጋ አይሠራም ብሏል። ራሳቸው ፍቅር ስለያዛቸው ካህናት የሚል ነገር የለበትም። «እኔ ማን ነኝና ልፍረድ» የምትለዋን የቀድሞውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የፍራንቸስኮስን ቃል ደግሞ ሁሉም ሰው ይጠቅሳታል፣ በ2013 ከብራዚል ሲመለሱ አውሮፕላን ውስጥ ነው ያሏት፣ የተጠየቁት ግን ቫቲካን ስለሚሠራ አንድ ሞንሲኞር (ማዕረግ ያለው ካህን) ነበር። ማለት በትክክል የወንድምሽ ጉዳይ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት 2015፣ ክሺሽቶፍ ሃራምሳ የሚባል የፖላንድ ካህን፣ እዚያው ቫቲካን የእምነት ትምህርት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ከወዳጁ ጋር አደባባይ ወጥቶ ተናገረ። በዚያው ቀን ከሥራው ተነሳ። ሮም ውስጥ ነገሩ የአደባባይ ምሥጢር ነው ይባላል፣ አደባባይ የወጣው ግን እንዲህ ይሆናል።

አዌቱ ዳር፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የናንተን ሥርዓት ጠንቅቄ አላውቅም፣ ግን እህት ነኝ፣ ስለ እናትሽ ልናገር።

ወላሂ አትንገሪያት። አዝኜላት ብቻ አይደለም፣ ነገሩን አስቢው፣ ብትነግሪያት የት ትሄዳለች? ለጎረቤት አትናገርም። ለአንቺ አባት አትናገርም። በነጋታው ነጠላዋን ለብሳ የምትሄደው ለቄሷ ልትናዘዝ ነው። እሷ የምትናዘዘው ደግሞ የራሷን ኃጢአት አይደለም፣ የልጇን ነው፣ እያለቀሰች ስሙን ትጠራዋለች። ቄሱ አፉን ቢዘጋ እንኳ ልጅሽ መቼ ይመጣል ሲባል ፊቱ ይቀየራል። ጅማ ውስጥ ፊት ይነበባል፣ ወሬ ምሳ እስኪቀርብ አይቆይም ያልሽው ደግሞ አንቺ ራስሽ ነሽ።

ደግሞ ምሥጢሩ የሱ ነው። መንገር ከፈለገ አፍ አለው፣ ሦስት ሳምንት እኮ እዚያው ቤት ነበር።

ጠበቃ አይደለሁም ግን፦

ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። የኛ አገር ሕግ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግብረ ሥጋ ወንጀል ነው፣ ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፣ ሥልጣንን ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ የተፈጸመ ከሆነ ወይም ሌላ ማክበጃ ካለ ይብሳል። ስለዚህ ሐርማታ «ለጳጳሱ ተናገሪ» ስትል ወረቀት ተጽፎ የት እንደሚደርስ አታውቅም።

ስልክሽን ጠብቂ። ከሱ የመጣ መልእክት፣ ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቴሌግራም ላይ ያለውን ሁሉ አጥፊ፣ ስልክሽን ጥገና ስትሰጪ ደግሞ አስቢበት። በ2021 የአሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሞንሲኞር ከሥልጣናቸው የወረዱት ማንም አይቷቸው አይደለም። ስልካቸው ላይ የነበረ የመተዋወቂያ መተግበሪያ የሚሸጠውን የአካባቢ መረጃ አንድ ካቶሊክ የዜና ድረ ገጽ አግኝቶ አስተነተነውና ወጣ። እዚያ የደረሰው እዚህ በቀላሉ አይደርስም ብለሽ አትዘናጊ፣ እዚህ መተግበሪያም አያስፈልግም፣ አንድ የተናደደ ዘመድ ይበቃል።

ሐርማታ ሰፈር፦

እሺ፣ የሕፃናቱን ነገር አንስቻለሁ። ያ ስህተት ነበር። አቋሜ ግን ያው ነው፣ ቃል ኪዳን ቃል ኪዳን ነው፣ እኔ ሚስቴ ላይ ብሄድ ማንም «መውጫ በር የለውም» ብሎ አያዝንልኝም። ይምረጥ። ወይ ይተወው ወይ ይውጣ። እህቱ ግን ታሳውቅ ያልኩትን ትቻለሁ፣ የእስር ቤቱን ነገር አላሰብኩትም ነበር።

ዘርዓ ክህነት የነበርኩ፦

ሐርማታ ይህን ያህል ከመጣ እኔም ልምጣለት። «ይምረጥ» ያለው ትክክል ነው፣ ምርጫው ግን የወንድምሽ ነው፣ የኛ አይደለም። ቃል አፍርሷል ሲባል ቅድም የተስማማሁትንም ላስተካክል፣ የሚወድ ሁሉ ቃሉን አፍርሷል ማለት አይደለም። ማይክል ጀጅ የሚባሉ ፍራንቸስካዊ ነበሩ፣ የኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ካህን፣ መስከረም 11 ቀን 2001 ሕንፃው ውስጥ ሲጸልዩ የሞቱት። በዚያ ቀን ከሞቱት መጀመሪያ የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ወንድ የሚወዱ እንደነበሩ የሚያውቁት ጓደኞቻቸውና ጥቂት ሰዎች ነበሩ፣ ሰው ሁሉ የሰማው ከሞቱ በኋላ ነው። ወንድምሽ «እወዳለሁ» ነው ያለሽ። ከዚያ ያለፈውን አልነገረሽም፣ አንቺም አልጠየቅሽም፣ ጥሩ አደረግሽ።

ሥጋ ወደሙን ተቀበይ። የሰማሽው ነገር ያንቺ ኃጢአት አይሆንም። እኔ ካህን አይደለሁም፣ ግን ይህንን ሰባት ዓመት ተምሬዋለሁ።

የጅሬን ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሐርማታንም ጭምር። መልእክቶቹን አጥፍቻለሁ። ለእናቴ አልነግራትም።

ትናንት እሁድ ደወለ። እናቴ ስልኩን ቀማችኝና እንደ ልማዷ ቆማ «አባ ይባርኩኝ» አለች፣ ባረካት፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ዋጋ ነገረችው፣ ከዚያ ወጥ ልታይ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ስልኩን ይዤ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ምን እንደምለው ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነበር፣ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ጓደኛህ እንዴት ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ጉንፋን ይዞታል» አለኝ። «ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ ብለው እምቢ አለኝ።»