በአሮጌ ውጅግራ ሰደፍ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ብሎን እንዴት ይወጣል?

ጥያቄ፦ ከጠመንጃው ባለቤት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ተገዝተው ወደዚህ አገር ከገቡት አሮጌ ጠመንጃዎች መካከል አንድ ውጅግራ ገዝቻለሁ። ፈረንሳዮች በ1874 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሠራዊታቸው መሣሪያ ያደረጉት፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ጠመንጃ ነው። የአገራችን ሰው «ፉዚ ግራ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ስም ለአንደበቱ አስማምቶ ውጅግራ አለው። ከ1898 በፊት የተሠራ ስለሆነ በዚህ አገር የፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ እኔም ልተኩስበት አልገዛሁትም።

እንዲያውም የገዛሁት ለሰደፉ ብዬ ነው ማለት እችላለሁ። አንገቱ ላይ በሰያፍ ተሰንጥቆ አንድ ያገሬ ሰው በጥሬ ቆዳ ጠፍር ጠግኖታል። ጠፍሩ በእርጥብነቱ ተጠምጥሞ፣ ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ስለያዘው ስንጥቁ ዛሬም በእጅ ሲጫኑት አይነቃነቅም። ይህን ጥገና ያደረገው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም የእጁ ሥራ በእኔ እጅ እንዲበላሽ አልፈልግም።

ችግሩ የተፈጠረው በሰደፉ ግርጌ ያለውን የብረት ልባስ ለማጽዳት ስፈታ ነው። የላይኛው ብሎን በሰላም ወጣ። የታችኛው ግን ሩብ ዙር ያህል ከዞረ በኋላ ካቻቪቱ በድንገት ቀለለኝ፤ ሳነሣው የብሎኑ ራስ ብቻ ተከትሎት መጣ። ግንዱ ከእንጨቱ ገጽ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ውስጥ ቀርቷል። ውፍረቱ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዙሪያውን ያለው እንጨት ቀለም እንደፈሰሰበት ጠቁሯል። የዕቃ መደብር ሻጭ የተሰበረ ብሎን ማውጫ ሸጠውልኛል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ብረት ስለሚበላ አልሙም (በእንግሊዝኛ alum) የተባለው ጨው የሟሟበትን ውሃ ጨምርበት ብሎኛል። ሁለቱንም ለመሞከር ፈራሁ። እንጨቱን ሳልጎዳ ማውጣት የምችልበት መንገድ ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ከአንድ አናጺ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ምንም ከመጀመርዎ በፊት የጠመንጃውን መዝጊያ ከፍተው የጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፤ አሮጌ ጠመንጃ ጥይት ጎርሶ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ያዩት ጥቁረት ብሎኑ ለምን እንደተሰበረ ይነግርዎታል። እንዲህ ያለው ሰደፍ የሚሠራበት የዋልነት እንጨት ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር አለው፤ ይህ ከብረትና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ እንደ ቀለም ይጠቁራል። ብረቱ ሲዝግ ደግሞ ያብጣል፣ ጥርሱም በእንጨቱ ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ሁኔታ የቆየ ብሎን አንገቱ ተበልቶ ስለሚሳሳ፣ ስንፈታው ከእንጨቱ ይልቅ ራሱ ብሎኑ ይሸነፋል።

የተሸጠልዎትን ማውጫ አይጠቀሙበት። እንዲህ ያለው መሣሪያ በጣም ስለጠነከረ በቀላሉ ይሰበራል፤ በብሎኑ ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ ፑንታ የማይበሳው ብረት ጨመሩበት ማለት ነው። ዘይትም አያፍስሱ። ዘይቱ ወደ ብሎኑ ጥርስ ከመድረሱ በፊት እንጨቱ ይመጠውና ያጠቁረዋል፣ በኋላም ኮላ አይዝም።

እኔ ብሆን በሙቀት እጀምራለሁ። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ትንሽ የኤሌክትሪክ መበየጃ ጫፍ በተሰበረው ብረት ላይ ብቻ አሳርፈው ሁለት ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ዙሪያውን ያለውን እንጨት ይጫነዋል፤ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ዝገቱ ከእንጨቱ ጋር የፈጠረው ትስስር ይላላል። ጭስ ካዩ ወዲያው ያንሡ።

በዚህ ካልወጣ በብሎኑ ዙሪያ ያለውን እንጨት በቀጭን ቀለበት ቆርጦ ማውጣት ነው። የውስጥ ስፋቱ ከብሎኑ ጥርስ ጥቂት የሚሰፋ፣ ሰባት ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ የብረት ቱቦ ይፈልጉ፤ አፉ ላይ በሞረድ አራት ወይም አምስት ጥርሶች ያውጡለት። ጥርሶቹን ወደ ግራ ሲዞር እንዲቆርጡ አድርገው ይሞርዷቸው፤ እንዲህ ሲሆን ቱቦው ብሎኑን ከነካው ወደ መፍታት እንጂ ወደ ማጥበቅ አይገፋውም። በትራፓኖ ቀስ ብለው እያዞሩ፣ በየሦስት ሚሊ ሜትሩ እያወጡ ብናኙን ያራግፉ። የሰደፉ የታችኛው ጥግ ቀጭን ስለሆነ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣውላ መካከል በሞርሳ ይያዙት፤ ሞርሳው ግን እንጨቱን እንዳይፈርስ ይደግፈው እንጂ አይጨፍልቀው። የሚሠሩት ቀዳዳ በልባሱ ሥር ስለሚሸፈን ለዓይን አይታይም።

መልስ፦ በቶርኖ ሥራ ከሚተዳደር ሰው

ከላይ የተሰጠውን ምክር አከብራለሁ፤ ሆኖም እንጨቱን ከመቁረጥ በፊት አንድ ሌላ ነገር መሞከር አለበት ብዬ አምናለሁ። ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳ ፑንታ አለ። በሁለት ሚሊ ሜትሩ ጀምረው የብሎኑን እምብርት ሲበሱት፣ ፑንታው በነከሰ ቁጥር ብሎኑን ወደ መፍቻው አቅጣጫ ይስበዋል፤ ሙቀቱ አላልቶት ከሆነ ሥራው ሳያልቅ ራሱ ተከትሎ ይወጣል።

አስቸጋሪው መሐሉን ማግኘት ነው። የተሰበረው ፊት ወጣ ገባ ስለሆነ ፑንታው ከጠንካራው ብረት ይሸሽና ለስላሳውን እንጨት ይበላል፤ ብዙ ሰደፍ የሚበላሽበት ስሕተት ይህ ነው። በልባሱ የብሎን ቀዳዳ ልክ አንዲት የናስ ዘንግ አስቆርጠው መሐሏን በሁለት ሚሊ ሜትር ያስበሱ። ልባሱን በላይኛው ብሎን ብቻ መልሰው ሲያስሩት ዘንጓ በታችኛው ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጣ ፑንታውን ትመራለች። ትራፓኖውን በዝግታ ያዙሩት።

የአልሙም ውሃውን ይርሱት። ሰዓት ሠሪዎች በናስ ውስጥ የተሰበረ የብረት ብሎን በፈላ የአልሙም ውሃ ያሟሙታል፤ ናሱ አይነካምና ዘዴው እዚያ ይሠራል። እንጨት ግን ውሃውን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይበልጥም ይጠቁራል።

የወጣውን የላይኛ ብሎን እንዳይጥሉት። ለታችኛው ምትክ የሚቀረጸው እርሱን አስመስሎ ነው፤ ከመደብር የሚገዛ ብሎን ጭንቅላቱ በልባሱ ጉድጓድ ውስጥ በልኩ አይቀመጥም።

ከጠመንጃው ባለቤት

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ በሙቀት ሞከርኩ፤ ሲቀዘቅዝ ቀጭ የሚል ደቃቅ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በናስ መሪው በኩል በግራ ዙሩ ፑንታ ስበሳ ብሎኑ አንድ ዙር ያህል ተንቀሳቅሶ እንደገና ቆመ። ኃይል መጨመር ስላልፈለግሁ ፑንታውን ትቼ ወደ ቱቦው ተሻገርኩ። አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ከወረድኩ በኋላ ብሎኑ ከነዙሪያው እንጨት በቱቦው ውስጥ ወጣ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥርሶች ምንም ዝገት አልነካቸውም፤ የሞረዱ ምልክት ሳይቀር በላያቸው ይታያል። አሁን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ንጹሕ ቀዳዳ አለኝ። በምን ልድፈነው?

መልስ፦ ከአንድ አናጺ

እንኳን ደስ አለዎት። ቀዳዳውን በዋልነት ይድፈኑት፤ ከገበያ የሚገኘውን ክብ ዘንግ ግን አይጠቀሙ። የእርሱ ጭረት (የእንጨቱ ቃጫ መስመር) በርዝመቱ ስለሚሄድ ብሎኑ በጭረቶቹ መካከል ሰንጥቆ ይገባና አይጠብቅም። ጭረቱ ብሎኑን አቋርጦ እንዲያልፍ አድርገው ከጣውላ ላይ በጎን የተቆረጠ ድፍን ያዘጋጁ።

የሰደፍ ግርጌ ለዘመናት ቅባት የጠጣ ስለሆነ ቀዳዳውን አሴቶን በነካ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉት፤ ጨርቁ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ አይለጥፉ። ለማጣበቂያ ከቆዳና ከአጥንት የሚሠራውን የጥንቱን ኮላ እመርጣለሁ፤ ወደፊት ሌላ ሰው ማውጣት ቢያስፈልገው በሙቀትና በእርጥበት ይለቅቃል። ኮላው እስኪደርቅ ሙሉ ቀን ይተዉት። ከዚያ ከብሎኑ ጥርስ ሥር ባልወፈረ ፑንታ ይብሱና፣ መጀመሪያ ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ብሎን በሰም ቀብተው አስገብተው ያውጡት፤ ቦታውን ይከፍትለታል። የተቀረጸውን ምትክ የሚያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ጠፍሩን በተመለከተ፣ አሴቶኑም ሆነ እርጥብ ጨርቅ አንገቱ አጠገብ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ። ጥሬ ቆዳ ውሃ ከነካው ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ስንጥቁን የያዘው ኃይል ይላላል። ኮላው እስኪደርቅም ሰደፉን በሚያስቀምጡበት ክፍል ማሞቂያው አጠገብ አያቁሙት።