የዋርሃመር ሳጥን ግዢ፦ ረቂቅ ሐሳብ፣ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊው፦ የአዲስ አበባው ሰውዬ የዋርሃመር ሳጥኑን ገና አልሸጠውም። ለማታውቁት፣ ዋርሃመር በትንንሽ የፕላስቲክ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚዋጉበት ጨዋታ ነው። ሳጥኑ ኢንዶሚተስ የሚባለው ነው፣ በፈረንጆቹ 2020 የወጣው። ሲወጣ 61 ምስል ነበረው። አሁን 24ቱ ስፔስ ማሪን (የጠፈር ወታደሮቹ) ሙሉ ናቸው፣ ከ37ቱ ኔክሮን (ሮቦት መሰሎቹ ባላጋራዎች) 30 ቀርተዋል። 22 ሺህ ብሏል፣ ካዝናችን ውስጥ ያለው 18 ነው። አራቱ ሺህ ከየት ይምጣ? ቅዳሜ ላምበረት ወርዶ የሚያመጣም ሰው እፈልጋለሁ።

የመንዝ ልጅ፦ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም።

ስድስት ካልወጣ፦ ውስጡ ያለው የሕግ መጽሐፍ የጨዋታው ዘጠነኛ እትም ነው፣ አሥረኛው በ2023 ወጥቷል። ለመጽሐፉ ብሎ ሰባራ ሳንቲም እንዳይጨምርብን። የአሥረኛው ዋና ሕግ በነፃ የሚወርድ ፒዲኤፍ ነው፣ አትሜ አመጣለሁ። 17 በሉት፣ ይወርዳል።

ጠባሴ፦ ፎቶውን አይታችሁታል ግን? ማሪኖቹ ቡናማና ቢጫ ተቀብተዋል። የቡና ማልያ! በገዛ መዋጮዬ የቡና ቡድን አልገዛም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀልድህን ነው?

ጠባሴ፦ የምን ቀልድ? ጊዮርጊስ መሆኔን እያወቃችሁ።

ሸዋሮቢት፦ ቡና ከሆነማ እኔ 500 እጨምራለሁ 😂

ጠባሴ፦ ይኸው! አልኩሽ እኮ።

ስድስት ካልወጣ፦ ቀለም ይለቃል ወንድሜ። አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ታሳድረዋለህ፣ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ትፈትገዋለህ። በተለይ የትከሻ ጋሻው ጠርዝና የቀበቶው መታጠፊያ ውስጥ ይደበቃል፣ እዚያ በስፒል ጫፍ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ በአረቄ አይሆንም? እናቴ ጋ ዳግም አለ።

ስድስት ካልወጣ፦ ዳግምም ቢሆን ግማሹ ውሃ ነው፣ ይልቅ አንተን ነው የሚያራግፍህ። አሴቶን ግን እንዳትሞክሩ። ምስሎቹ ፖሊስታይሪን ናቸው፣ የካፒቴኑ ፊት እንደ ጧፍ ይፈሳል።

ጠባሴ፦ 24 ሰው ማን ይፈትጋል? ከመኪና ቀለም ቤት ጥቁር ስፕሬይ ገዝቶ መንፋት ነው።

ስድስት ካልወጣ፦ በደብረ ብርሃን ብርድ? ታኅሣሥ ላይ ደጅ አውጥተህ የነፋህልኝን ጭራቅ፣ ኦርኩን፣ ረሳኸው? ጤዛው ገብቶበት አሸዋ አሸዋ ሆኖ ቀረ። ጥርሱ እንኳ አይታይም።

ጠባሴ፦ ጠጋ ብለህ ንፋ ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ! ደግሞ ለአንድ ኦርክ ስንት ወር ነው የምታለቅሰው?

ስድስት ካልወጣ፦ በራሴ ብር የገዛሁት ነዋ። ያንተ ቢሆን አይሃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ በቃችሁ! ሌሊቱን ሙሉ ማልያ ማልያ። ስለ አራቱ ሺህ ማን ተነፈሰ? የየካቲት መዋጮ ያልከፈላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ጠባሴ፣ አለህበት።

ጠባሴ፦ እከፍላለሁ አልኩሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።

ስድስት ካልወጣ፦ እሺ፣ የኦርኩን ነገር ተወው። በልቤ አልያዝኩትም።

አንጋፋው፦ ልጆች፣ ምን ላይ ልትጫወቱት ነው? ለመደበኛው ጨዋታ ቢያንስ 112 በ152 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል ብላችሁኝ ነበር። አንድ ሉክ ኤምዲኤፍ 122 በ244 ነው፣ ተቆርጦ ይተርፋል። ግን ከሥሩ ምን ሊሆን ነው? ጆተኒው ላይ እንዳትሉኝ፣ እግሩ ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው።

ሸዋሮቢት፦ እውነት ግን ጋሼ፣ ጆተኒው ይሠራ። ደህና ሳለ ሳንቲም ያስገባልን ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ የሻይ የምንከፍለው ከሱ ነበር።

ጸሐፊው፦ እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ኔክሮኖቹን ብቻ ይሽጥልን፣ ቀለም አልነካቸውም፣ አሥር ሺህ እንበለው። ቀሪው ለኤምዲኤፍና ለጆተኒው እግር ይዋል። ተቃውሞ?

ስድስት ካልወጣ፦ ኔክሮን ከኔክሮን ሊዋጋ ነው? 15ቱ እዚህ 15ቱ እዚያ ብትሉ የሁለቱ ወገን የጥንካሬ ነጥብ አይመጣጠንም።

ጠባሴ፦ ይዋጉ። ቢያንስ ማልያ የላቸውም።

ሸዋሮቢት፦ የኔን 500 ሰርዙ።

ጸሐፊው፦ የመንዝ ልጅ፣ ቅዳሜ እንደተባባልነው ነህ አይደል? ሻጩ እየጠየቀኝ ነው።

ጸሐፊው፦ የመንዝ ልጅ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከአረቄው ወዲህ ድምፁ የለም። ስልኩም ዝግ ነው።

አንጋፋው፦ አናጺውን አግኝቼዋለሁ። አራቱንም እግር በ3,500 ይሠራል፣ ነገ ይምጣ ወይ ይላል።

ስድስት ካልወጣ፦ ሳጥኑስ?

ጸሐፊው፦ ለሻጩ ሳምንት እንደውላለን ብዬዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አናጺው ደረሰኝ ካለው ይምጣ፣ 3 ሺውን አወጣለሁ። 500ውን ጠባሴ ይዞ ይምጣ፣ የየካቲት አለበት።